ከጋዙ በኋላ መሬት ውስጥ የቀረው

ተማሪ፦ የተዘጋ ፋብሪካ ጽዳት ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው በርሜል ነው። በርሜሉ ተጭኖ ከሄደ፣ ግቢው ከተጠረገ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ታዲያ ኢንጂነር፣ በህንድ የቦፓል ፋብሪካ ጽዳት አርባ ዓመት አልፎትም ያላለቀው ለምንድን ነው?

ኢንጂነር፦ በርሜሉ የሚታየው ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው። ቦፓል ውስጥ ተለቅሞ መጋዘን የተቆለፈበት ቆሻሻ 337 ቶን ነበር። ሁለት የህንድ የምርምር ተቋማት፣ አንዱ የአካባቢ ምሕንድስና ሌላው የጂኦፊዚክስ፣ በ2010 ያወጡት ጥናት ግን መታከም የሚኖርበትን የተበከለ አፈር 1.1 ሚሊዮን ቶን ያደርሰዋል። ከሚታየው በሦስት ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ የጥናቱም የፍርድ ቤቱም ሰነድ በዚያው ነውና። ሃያ ዓመት ሲያከራክር የኖረው 337ቱ ቶን ነው፤ አፈሩና ከሥሩ ያለው ውኃ ገና ተራቸውን እየጠበቁ ናቸው።

ተማሪ፦ የፋብሪካውን ታሪክ ከሥሩ ብንጀምረውስ? ብዙ ሰው የሚያውቀው ያቺን አንድ ሌሊት ነው።

ኢንጂነር፦ ጽዳትም የሚጀመረው ታሪኩን በማጥራት ነው፤ ምን ተመረተ፣ በምን ተመረተ፣ ትርፉ የት ተጣለ ብሎ በመጠየቅ። የአሜሪካው ዩኒየን ካርባይድ አብላጫ ድርሻ የያዘበት የህንድ ኩባንያ ቦፓል ላይ ሥራ የጀመረው በ1969 ነው። የሚያመርተው ፀረ ተባይ ነበር፤ ዋነኛው በንግድ ስሙ ሴቪን የሚባለው ካርባሪል። ሴቪን የሚሠራው ሜቲል አይሶሳይኔት ከሚባል ቶሎ የሚተን አደገኛ ፈሳሽና ከአልፋ ናፍቶል ነው። መጀመሪያ ላይ አደገኛው ፈሳሽ ከውጭ ይመጣ ነበር፤ በ1980 ፋብሪካው ራሱ ማምረት ያዘ። ለዲሴምበር 3 ቀን 1984፣ በእኛ ለኅዳር 24 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ አጥቢያ ሌሊት 40 ቶን ያህል ፈሳሽ የነበረበት ታንክ ውስጥ ውኃ ገባ። ፈሳሹ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ሲግል ይተናል፤ ትነቱ ታንኩን አስጨንቆ በማስተንፈሻው ወጣ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አልተበተነም፤ አጥሩን ተጠግተው በተሠሩት የድሆች ሰፈሮች ላይ ተኛ። የክልሉ መንግሥት በጋዙ መሞታቸውን ያረጋገጠው 3,787 ሰዎችን ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል የሚሉ ግምቶች አሉ። የተጎዳው ሰው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው።

ተማሪ፦ ጋዙ ከወጣ ታንኩ ባዶ ሆነ። ሌላስ አደጋ ነበረ?

ኢንጂነር፦ ነበረ እንጂ። ጋዙ የወጣው ከአንዱ ታንክ ነው፤ በሌሎች ታንኮች ያንኑ ፈሳሽ የያዘ ክምችት ቀርቷል። እንግዲህ የቦፓል የመጀመሪያው ጽዳት ይህን ማስወገድ ሆነ፤ ለጽዳት ባለሙያም ትልቅ ትምህርት ያለበት ሥራ ነው። አውጥቶ ማጓጓዝ አደገኛ ነው፤ መንገድ ላይ ቢፈስ ሌላ ከተማ ያልቃል። ውኃ ቢጨመርበት ያ ሌሊት ይደገማል። ትቶ መሄድም አይቻልም። ባለሙያዎቹ የመረጡት ፋብሪካውን እንደገና አስነሥቶ ፈሳሹን ወደተሠራለት ዓላማ መመለስ፣ ማለትም ሴቪን አድርጎ መጨረስ ነበር። ሥራው የተጀመረው ዲሴምበር 16 ቀን ሲሆን ሄሊኮፕተሮች ከላይ ውኃ ይረጩ ነበር። የከተማው ሰው ግን መተማመኛ ቢሰጠውም በብዛት ከተማውን ለቆ ሸሸ። ሊፈረድበት አይችልም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ያንኑ ግቢ አምኖ ተኝቶ ነበር።

ተማሪ፦ በኬሚካል ጽዳት ውስጥ ምርቱን መጨረስ እንደ ማስወገጃ ይቆጠራል ማለት ነው?

ኢንጂነር፦ መሣሪያው ጤነኛ ከሆነና የሚሠራው ሰው ካለ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ቶሎ የሚፈነዳና ቶሎ የሚተን ነገር ወደ ረጋ ነገር ይለወጣል። የተተወ ፋብሪካ ክፋቱ ግን ይህ ዕድል በፍጥነት መዘጋቱ ነው። ሠራተኛው ይበተናል፣ ቧንቧው ይዝጋል፣ የቱ ታንክ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሰው ሌላ ከተማ ሥራ ይይዛል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ቡድን የሚያገኘው ምልክቱ የተላጠ በርሜል ነው፤ እያንዳንዱን ከፍቶ ናሙና መውሰድ ሊኖርበት ነው።

ተማሪ፦ የአፈሩ ብክለትስ ከጋዙ ሌሊት የመጣ ነው?

ኢንጂነር፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ያ ጋዝ አየር ውስጥ ቶሎ ጠፍቷል። መሬቱን የበከለው ከ1969 እስከ 1984 በየዕለቱ ሲሠራ የነበረው ተራ ሥራ ነው። ያልተሳካ ምርት፣ የምድጃ ጥቀርሻ፣ የታንክ አተላ፣ ያገለገለ ማሟሚያ ግቢው ውስጥ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ይጣል ነበር። ፈሳሹ ቆሻሻ ደግሞ በ1977 ከፋብሪካው በስተሰሜን 400 ሜትር ያህል ርቀው ወደተሠሩ የማትነኛ ኩሬዎች በቧንቧ ይሄድ ነበር። ኩሬዎቹ 14 ሄክታር ያህል ይሸፍናሉ፤ ሥራቸው ፀሐይ ውኃውን እንድታተን ነው። ፀሐይ የምታነሣው ግን ውኃውን ነው፤ ጨዉና ኬሚካሉ ከሥር እየወፈረ ይቀራል። ከሥሩ የተነጠፈው ላስቲክ አንድ ቦታ ከተቀደደ የወፈረው ዝቃጭ በቀጥታ ወደ አፈሩ ነው። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ኩሬውን ሞልቶ በጎን ያፈሰዋል። የቦፓል ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሆነ አራት ወር የሚሞላን ነገር በስምንት ወር ፀሐይ አደርቃለሁ የሚል ዕቅድ ስሌቱ የጠበበ ነበር።

ተማሪ፦ ከአፈሩ ውስጥ የተገኙት ኬሚካሎች ምን ምን ናቸው?

ኢንጂነር፦ በ1999 ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ባደረገው የናሙና ምርመራ በግቢው አፈር ሜርኩሪና ክሎሪን ያላቸው ብዙ ኬሚካሎች፣ በአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ክሎሮፎርምና ካርቦን ቴትራክሎራይድ ተገኙ። በ2009 መቀመጫው ዴልሂ የሆነ የሳይንስና አካባቢ ማዕከል ከፋብሪካው 3 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ፀረ ተባይ ኬሚካል አገኘ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ለጽዳት የሚጠቅመው ግን እያንዳንዱ መሬት ውስጥ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ሴቪን ራሱ ውኃና ፀሐይ ካገኘ በሳምንታት ይፈርሳል፤ ደርቆ በጥላ ከተከመረ ግን ይቆያል። ኤች ሲ ኤች የሚባለው፣ ሊንደን ከሚባለው ፀረ ተባይ ቤተሰብ የሆነው፣ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ካርቦን ቴትራክሎራይድና የክሎሮቤንዚን ወገኖች ከውኃ ይከብዳሉ፤ ሲፈሱ የከርሰ ምድሩን ውኃ ሰንጥቀው እስከ ጠንካራው ንጣፍ ይወርዱና እዚያ ተኝተው በትንሽ በትንሹ ይሟሙበታል። ሜርኩሪ ደግሞ ንጥረ ነገር ነው፤ አይፈርስም፣ አይቃጠልም፣ ቦታ ከመቀየር በቀር መጥፊያ የለውም።

ተማሪ፦ ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘዴ የለም።

ኢንጂነር፦ የለም። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሳል። ኤች ሲ ኤችን ለማጥፋት አፈሩን ብታቃጥል ሜርኩሪው በጢስ ማውጫው ይወጣል፣ ካልያዝከው። ሜርኩሪውን ለማሰር አፈሩን በሲሚንቶ ብታጠነክረው ማሟሚያዎቹ አይያዙም። ለዚህ ነው ግቢውን በፍርግርግ ከፋፍሎ በየጥልቀቱ ናሙና መውሰድ፣ የክትትል ጉድጓድ መቆፈር፣ የውኃውን አቅጣጫ መለካት ከማንኛውም ቁፋሮ የሚቀድመው። ምርመራው ሳያልቅ ኤክስካቫተር ማስገባት ብክለቱን መበተን ነው።

ተማሪ፦ ምርመራው እየተካሄደ ሰዉ ያንን ውኃ ሲጠጣ ነበር?

ኢንጂነር፦ ለብዙ ዓመት። ከአጥሩ ጀርባ ያሉት ሰፈሮች በእጅ ፓምፕ ነበር የሚቀዱት። ከመርዙ ሁሉ በፊት ማቋረጥ የሚያስፈልገው ይህን መንገድ ነው። ብክለት ሰውን የሚጎዳው ምንጭ፣ መንገድና ሰው ሲገናኙ ነው፤ ምንጩን ማንሣት አሥር ዓመት ቢፈጅም መንገዱን በሳምንት ማቋረጥ ይቻላል። ፓምፑን ዘግቶ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ ማስገባት ከየትኛውም ምድጃ በፊት የሚደረግ ጽዳት ነው፤ ርካሽም ነው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእነዚህ ሰፈሮች ንጹሕ ውኃ እንዲቀርብ ያዘዘው በ2004 ነው፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመት ገደማ አልፎ። በቦፓል ታሪክ ውስጥ ለእኔ ይቅር የማይባለው መዘግየት እሱ ነው፤ ምክንያቱም ቴክኖሎጂም ብዙ ገንዘብም የሚጠይቅ አልነበረም።

ተማሪ፦ ወደ 337ቱ ቶን እንምጣ። መጋዘን ከገባ በኋላ ለምን ሃያ ዓመት ቆየ?

ኢንጂነር፦ ማንም በደጁ እንዲቃጠል ስላልፈለገ ነው። ቆሻሻው በ2005 ተለቅሞ ግቢው ውስጥ ባለ መጋዘን ተቀመጠ። ከውስጡ 162 ቶን ያህሉ የተበከለ አፈር፣ 92 ቶን የሴቪንና የናፍቶል ቅሪት፣ 54 ቶን በግማሽ የተመረተ ፀረ ተባይ፣ 29 ቶን ከሬአክተር የወጣ ዝቃጭ ነው። የጉጃራት ክልል ለመቀበል እምቢ አለ። በ2012 ጀርመን ወስዳ እንድታቃጥለው የተጀመረው ንግግር ፈረሰ። በ2015 ፒታምፑር ከሚባል የኢንዱስትሪ ከተማ ባለ ምድጃ 10 ቶን ለሙከራ ተቃጠለ፤ ከዚያ እንደገና ጸጥ ተባለ። በመጨረሻ በዲሴምበር 2024 ቦፓል የምትገኝበት የማድያ ፕራዴሽ ክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአራት ሳምንት ቀነ ገደብ ሰጠ። በ2025 አዲስ ዓመት ሌሊት በ12 የታሸጉ ኮንቴይነሮች ተጭኖ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ።

ተማሪ፦ ኢንጂነር፣ እዚህ ላይ አልስማማም ብልዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ጽዳት ነው ወይስ መርዙን ከአንዱ ድሃ ሰፈር ወደ ሌላው ማሻገር? የፒታምፑር ሰው መቃወሙ ትክክል አይመስልዎትም?

ኢንጂነር፦ መቃወሙ ትክክል ነው፤ የተቃውሞው መልስ ግን ቆሻሻውን ባለበት መተው አይሆንም። ጥያቄው ምድጃው ይችላል ወይ፣ የሚለካውን ቁጥርስ ማን ያየዋል የሚል ነው። ክሎሪን ያለው ቆሻሻ በደንብ እንዲቃጠል ሁለተኛው ክፍል 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስና ጢሱን እዚያ ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ ማቆየት አለበት። ከዚያ ጢሱ በዝግታ ከቀዘቀዘ ከ450 እስከ 200 ዲግሪ ባለው መንገድ ላይ ዳዮክሲን የሚባለው አደገኛ ኬሚካል እንደገና ይፈጠራል፤ ስለዚህ ውኃ ተረጭቶበት በቅጽበት መቀዝቀዝ አለበት። ቀጥሎ ኖራ አሲዱን ይይዛል፣ አክቲቭ ካርቦን ሜርኩሪውንና የተረፈውን ዳዮክሲን ይመጥጣል፣ የጨርቅ ማጣሪያ ብናኙን ያስቀራል። ከእነዚህ አንዱ ከተበላሸ ምድጃው መርዙን ከበርሜል ወደ አየር የሚያሸጋግር ማሽን ይሆናል።

ተማሪ፦ ፒታምፑር ላይ ይህ ተረጋገጠ?

ኢንጂነር፦ ትክክለኛው መንገድ ተሞክሯል፤ ሙከራ ቀደመ። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ አሥር አሥር ቶን በሦስት ዙር፣ በሰዓት 135፣ ቀጥሎ 180፣ ቀጥሎ 270 ኪሎ ግራም እየተመገበ ጢሱ ተለካ። ፍጥነቱን ከፍ እያደረጉ መለካት የምድጃውን አቅም ያሳያል። የቀረው በሰዓት በ270 ኪሎ ግራም ሒሳብ እስከ ጁን 30 ቀን 2025 ተቃጥሎ አለቀ። ነገር ግን እሳት ክብደትን አያጠፋም፤ ኖራውና ሌላው የሚጨመረው ስላለ የወጣው አመድና ዝቃጭ ከገባው ቆሻሻ በክብደት በለጠ። እሱ ደግሞ ከሥሩ ተደራራቢ ሽፋን ያለው ልዩ መቅበሪያ ይፈልጋል፤ መቅበሪያው ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። አንተ ማሻገር ያልከው እዚህ ላይ እውነትነት አለው፤ መርዛማው ኦርጋኒክ ነገር ጠፍቷል፣ ብረታ ብረቱና ሜርኩሪው ግን ቦታ ቀየረ።

ተማሪ፦ 1.1 ሚሊዮን ቶን አፈርን ግን በዚያ ፍጥነት ማቃጠል አይቻልም።

ኢንጂነር፦ በሰዓት በ270 ኪሎ ግራም ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ለአፈሩ የሚታሰበው ሌላ ነው፤ ለየቦታው ለየብቻ። በጣም የተበከሉት የመጣያ ጉድጓዶች ተቆፍረው ይወጣሉ። ፀረ ተባይ የያዘው አፈር ሳይቃጠል እስከ 500 ዲግሪ ይጋልና ኬሚካሉ ተንኖ ለብቻው ይያዛል፤ አፈሩ ተመልሶ ይሞላል። ማሟሚያዎች ያሉበት ቦታ አየር እየተሳበ ይጸዳል፣ ወይም ኬሚካሉን የሚያፈርስ ፈሳሽ ይገባበታል። ዝቅተኛ ብክለት ያለው ሰፊው መሬት ባለበት ተሸፍኖ ዝናብ እንዳይገባው ይደረጋል።

ተማሪ፦ የአፈሩ ዓይነትስ ለውጥ ያመጣል?

ኢንጂነር፦ ብዙ ያመጣል። የቦፓል ላይኛው አፈር ጥቁር ሸክላማ ነው፤ የእኛ ገበሬ ዋልካ የሚለው። እርጥብ ሲሆን ውኃ አያሳልፍም፤ ብክለቱ ወደ ታች አልዘለቀም ብለው የሚከራከሩም ይህን ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በጥልቀት ይወርዳል። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አፈሩን እስኪያረጥበውና ስንጥቁን እስኪዘጋው ድረስ የላዩን ኬሚካል ይዞ በዚያው ይወርዳል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈት በር ነው፤ አርባ ክረምት ማለት አርባ ጊዜ ተከፍቷል ማለት ነው። ናሙናም በበጋና በክረምት መወሰድ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪ፦ የከርሰ ምድሩስ ውኃ? ተቀድቶ አይወጣም?

ኢንጂነር፦ ይወጣል። ተስቦ በአክቲቭ ካርቦን ይጣራና ይለቀቃል። ከላይ እንዳልኩህ ግን ከውኃ የሚከብደው ፈሳሽ ከታች ተኝቶ እየሟሟ ስለሚቀጥል ፓምፑ ሲቆም ብክለቱ ይመለሳል። በአንዳንድ ቦታ የብረት ብናኝ የተሞላ ቦይ ከውኃው መንገድ ላይ ይቀበራል፤ ብክሉ ውኃ ሲያልፍበት ብረቱ ክሎሪኑን ይነጥቀዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ የውኃውን መንገድ በትክክል ለሚያውቅ ሰው ብቻ።

ተማሪ፦ የሕግ ተማሪ ነኝና ወጪውን ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ማን ይከፍላል?

ኢንጂነር፦ ይኸው ነው የቦፓል ቋጠሮ። በ1989 ኩባንያው በጋዙ ለተጎዱት 470 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ያ ግን ለሰዎቹ ካሣ እንጂ ለአፈሩ ጽዳት አልነበረም። በ1994 ዩኒየን ካርባይድ የህንድ ድርሻውን ሸጠ። በ1998 የፋብሪካው መሬት ለክልሉ መንግሥት ተመለሰ፣ ከነመርዙ። በ2001 ዩኒየን ካርባይድን ዳው ኬሚካል ገዛው፤ ዳው ደግሞ ፋብሪካውን ያላሠራና ያልያዘ በመሆኑ ኃላፊነት እንደሌለበት ይከራከራል። ባለንብረት በተቀያየረ ቁጥር ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ እየሾለከ መጨረሻ ላይ በሕዝብ ግምጃ ቤት ጫንቃ ላይ አረፈ።

ተማሪ፦ በአሜሪካ ሕጉ እንዲህ አይፈቅድም። በ1980 የወጣው የሱፐርፈንድ ሕግ ቆሻሻው ሲጣል ሕጋዊ የነበረ ቢሆንም የጣለውን፣ የጫነውን፣ መሬቱን የያዘውንም ተጠያቂ ያደርጋል። አንዱ ብቻ ቢገኝ ሙሉ ወጪውን ሊጠየቅ ይችላል። ያን ሕግ የወለደው በኒው ዮርክ ግዛት ያለው የላቭ ካናል ጉዳይ ነው፤ ሁከር የተባለው ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 ወደ 21,800 ቶን ኬሚካል ቀብሮ መሬቱን በአንድ ዶላር ለትምህርት ቦርድ አስተላለፈ፣ በላዩ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያው መኖሪያ ሆነ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። የእኛም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) በካይ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል።

ኢንጂነር፦ አዋጁ መልካም ነው፤ የሚቸግረው በካዩ ከከሰረ ወይም ከሸጠ በኋላ መድረሱ ነው። ለዚህ አንዱ መላ ፋብሪካው ገና ፈቃድ ሲወስድ የመዝጊያውን ገንዘብ እንዲያስይዝ ማድረግ ነው። እኛም አገር ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር፤ የተላከው ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ሳይታይ፣ ገሚሱም በእርዳታ ስም። በ2000ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ 1,500 ቶን ገደማ እንደገና ታሽጎ ፊንላንድ ሄዶ ተቃጠለ። ሥራው የተሳካው በርሜሉ ከመበስበሱና መጋዘኑ ከመፍረሱ በፊት በተደረሰበት ቦታ ነው። አፈሩ ውስጥ የገባው ግን መርከብ ላይ አይጫንም።

ተማሪ፦ ጽዳቱ አለቀ የሚባለው መቼ ነው?

ኢንጂነር፦ የቦታው ጥቅም ከተወሰነ በኋላ። ለመኖሪያ የሚፈለገው ንጽሕና ለመጋዘን ከሚፈለገው በጣም ይበልጣል፤ ይህን የሚወስነው ባለሙያው ብቻውን አይደለም፣ አጠገቡ የሚኖረው ሰውም ነው። ከዚያ የክትትል ጉድጓዶቹ በተከታታይ ዓመታት፣ በበጋም በክረምትም፣ ከተቀመጠው መጠን በታች ማሳየት አለባቸው። ላቭ ካናል በ2004 ከአደገኛ ቦታዎች ዝርዝር ወጥቷል፤ የተቀበረው ግን አልወጣም። በሸክላ አፈር ተሸፍኖ፣ ታጥሮ፣ ዙሪያውን በተቆፈረ ቦይ የሚወጣው ፈሳሽ ተስቦ እየተጣራ ነው፤ ፓምፑም መሥራቱን አላቆመም። ቦፓል ደግሞ ገና ከዚህም በፊት ባለው ደረጃ ላይ ነው፤ የመጋዘኑ ቆሻሻ ከተቃጠለ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ማትነኛ ኩሬዎቹን፣ የመጣያ ጉድጓዶቹንና የሰፈሮቹን ውኃ እንደገና መለካትና ውጤቱን ለነዋሪው መንገር ነው።